ከማክሮው በፊት ፕራይሙ



ፎቶ ማንሳት የምንወድ ተማሪዎች ለጋራ ካሜራችን አንድ ሌንስ ለመግዛት ማዋጣት ከጀመርን ወዲህ ክርክሩ በርትቷል። ከፊሉ ፕራይም ይገዛ ይላል፤ ከፊሉ ደግሞ ማክሮ። ብሩ ከኪስ ገንዘባችን የተቆጠበ ስለሆነ ሁለቱንም መግዛት አይታሰብም። የእኛ አቋም ግልጽ ነው፦ መቅደም ያለበት ባለ 50 ሚሊሜትሩ ኤፍ 1.8 ፕራይም ነው።

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። ፕራይም ማለት ዙም የሌለው ሌንስ ነው። ማክሮ ደግሞ በጣም ተጠግቶ ማተኮር የሚችል ሲሆን፣ እውነተኛው ማክሮ የዕቃውን ምስል በካሜራው ሴንሰር ላይ በትክክለኛ መጠኑ፣ 1 ለ 1፣ ያሳርፋል። አብዛኞቹ ማክሮ ሌንሶችም ዙም ስለሌላቸው ከፕራይም ይቆጠራሉ። ስለዚህ የሚለየን ነጥብ አንድ ነው፤ ገንዘባችንን ለብርሃን እናውለው ወይስ ለቅርበት?

የምናነሳው ምን እንደሆነ እናስብ። የረመዳን ኢፍጣር፣ የማታ ደርስ፣ የተመራቂዎች ሽኝት፤ ብዙው የሚካሄደው በአምፖል ብርሃን ነው። ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ ዙሙን እስከ 55 ስንስበው አፐርቸሩ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። የሚገባው ብርሃን በኤፍ ቁጥሩ ካሬ ስለሚለዋወጥ፣ 5.6ን ለ1.8 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ስናባዛው 9.7 ገደማ ይመጣል። ፕራይሙ ወደ አስር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። በ1/20 ሰከንድ ስናነሳው የሚደበዝዝ የሰው ፊት፣ በዚያው መብራት በ1/200 ገደማ ጥርት ብሎ ይወጣል።

«ማክሮም እኮ ሰው ያነሳል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ልክ ናቸው፤ ባለ 100 ሚሊሜትሩ ማክሮ ግሩም የፊት ፎቶ ያነሳል። ነገር ግን አፐርቸሩ ኤፍ 2.8 ላይ ይቆማል፣ ዋጋውም ከ50ው ብዙ እጥፍ ነው። ቦታም ይፈልጋል። እንደ እኛው ዓይነት ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ባለው ካኖን አንድ የቆመ ሰው ከራስ እስከ እግሩ ለማንሳት በ50ው 4 ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ሲበቃ፣ በ100ው 9 ሜትር ግድ ነው። ዝግጅት በምናደርግባቸው ክፍሎች 9 ሜትር ስንሸሽ ግድግዳው ይቀድመናል።

ጠንካራው የማክሮ ደጋፊዎች መከራከሪያ የኪታቦቹ ጉዳይ ነው። በየሀገራችን፣ በየመድረሳው፣ በእጅ የተጻፉና ጠርዛቸው በሐሺያ የተሞላ ቆዩ ኪታቦች አሉ፤ ወረቀታቸው ሳያልቅ በፎቶ ቢቀመጡ ሁላችንም ደስ ይለናል። ሆኖም አንድ ገጽ ለማንሳት 1 ለ 1 ማጉላት አያስፈልግም። ካኖን 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም እስከ 35 ሳንቲሜትር ተጠግቶ ያተኩራል፤ በዚያ ርቀት 10 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ፍሬሙን ይሞላዋል። ሙሉ ገጽ ስናነሳ ደግሞ ከዚያ ራቅ እንላለን። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 አጥብቦ፣ ካሜራውን ከገጹ ጋር ትይዩ አድርጎ በትራይፖድ ማቆም ለንባብ የሚበቃ ፎቶ ይሰጣል።

ማክሮ የግድ የሚሆነው ለነፍሳት ዓይን፣ ለአበባ ብናኝ፣ በላብራቶሪ ለምንሠራው የሰርኪዩት ብየዳ ነው። እሱም ተከታይ ወጪ አለው። በ1 ለ 1 ስናነሳ ኤፍ 2.8 የነበረው በብርሃን ረገድ እንደ ኤፍ 5.6 ይሆናል። በኤፍ 8 እንኳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። ስለዚህ ፍላሽና ትራይፖድ ይከተላሉ። ፍላጎቱ ያለን ግን መንገድ አናጣም፤ በካሜራውና በ50ው መካከል የሚገባ የ25 ሚሊሜትር ማራዘሚያ ቀለበት ምስሉን የዕቃውን ግማሽ መጠን ያህል ያደርሰዋል። ቀለበቱ ውስጡ መስታወት ስለሌለው ርካሽ ነው። ስንገዛ ግን አፐርቸሩን ከካሜራው ለማዘዝ የሚያስችል የኤሌክትሪክ መገናኛ እንዳለው እንይ። ቀለበቱ እንደገባ ሩቅ ነገር ላይ ማተኮር እንደማይቻልም እንወቅ።

አንድ የአደብ ጉዳይም እንጨምር። 50ው ዙም ስለሌለው የሰው ፊት ከሩቅ ሰርቆ ለማንሳት አይመችም። ቀርበን፣ ሰላም ብለን፣ «እናንሳችሁ?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። በተለይ ፎቶ የማይፈልጉ እህቶችና ሸይኾች ባሉበት ጀመዓ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ለሚጠራጠር ሁሉ ፈተናው ነፃ ነው። የ18-55ቱን ሌንስ ቀለበት 50 ላይ በፕላስተር አጣብቀን ለአንድ ሳምንት ፎቶ እናንሳ። ከዚያ ፎቶዎቹን ዘርግተን እንቁጠር፤ ስንቱ በብርሃን ማነስ፣ ስንቱስ መጠጋት ባለመቻል ተበላሸ? ብሩን ለሚበዛው እናውለው። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ስንሰጥ በእጃችን ቆጠራው ይኑር፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም