የግንቦት መጀመሪያ ቅዳሜ በሐይቅ ዳር

በሚኔሶታ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ዓሣ ለማጥመድ ሲያስቡ፣ ቀኑን መምረጥ እንደሚያስቸግራቸው እንሰማለን። የዎልአይ ማጥመጃ ወራት በአገሩ ሕግ የሚከፈተው በቅዳሜ ዕለት ሲሆን፣ ይህች ቅዳሜ በእኛ አቈጣጠር ከግንቦት 1 እስከ 7 ካሉት ቀኖች አትወጣም። ፋሲካ ደግሞ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። እንግዲህ ዕለቲቱ ዘወትር በሃምሳው ቀን ውስጥ ትውላለችና፣ የተያዘው ዓሣ ረቡዕና ዓርብ ሳይባል ይበላል። የሐይቅ ትራውትም በዚያው ዕለት ይፈቀዳል።

ዎልአይ በዓይኑ ውስጥ በስተ ኋላ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው በጭላንጭል አጥርቶ ያያል፤ መንጠቆ የሚይዘውም ይበልጡን ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ትራውት ቀዝቃዛ ውኃ ስለሚወድ፣ ሐይቁ ሞቆ ወደ ጥልቁ ሳይወርድ ከዳር አካባቢ ይገኛል።

ይህ ቅዝቃዜ ግን ለሰው ጠላት ነው። ፀሐይዋ ብትሞቅም፣ በሰሜን በኩል በረዶው ከሐይቁ ከለቀቀ ገና ጥቂት ሳምንት ነው። በእንዲህ ያለ ውኃ በድንገት የወደቀ ሰው፣ ዋናተኛ እንኳ ቢሆን፣ ሳይወድ በግድ ትንፋሹን ይስባል፤ አፉ ከውኃ በታች ከሆነም ውኃ ይገባበታል። በጥቂት ደቂቃም ክንዱ ይዝላል። ሕጉ በምትጓዝ ጀልባ ላይ ተንሳፋፊ ሰደርያ እንዲለብሱ የሚያስገድደው ከ10 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ነው፤ እኛ ግን አባትም እናትም ይልበሱ እንላለን። ልጁ ቢወድቅ ዘሎ የሚገባው አባት አይደለምን?

የማጥመጃ ፈቃዱ አስቀድሞ ይውጣ፤ ለትራውት አዋቂዎች ተጨማሪ ቴምብር ይጠየቃሉ። እሑድ ቅዳሴ ስላለ፣ የንጋቱን ሰዓት መርጦ ቅዳሜ በቀትር መመለስ ይሻላል። ዓሣው በበረዶ ታሽጎ ይመጣና ለእራት ይደርሳል።