እንጨትና ፕላስቲክ ሲጋቡ

የቡርቃ ጃቶ ተማሪ ሆይ! የነቀምቴውን የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት አምሳያ ከእንጨት ሠርተህ፣ መስኮቱን ከውኃ ጠርሙስ በተቆረጠ ፕላስቲክ ብታደርገው በምን ታጣብቀዋለህ?

ነጩ የእንጨት ኮላ አይበጅህም። እርሱ የሚይዘው በእንጨቱ ቀዳዳ ሠርጎ ሲደርቅ ነው፤ ፕላስቲክ ግን ልሙጥ ነውና ይላጣል። ይልቅስ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ማስቲሽ አስቀድመህ በቁራጭ ላይ ሞክር። የፕላስቲኩን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ አጽዳው፤ ሁለቱንም ገጽ በስሱ ቀባ፤ ጣት የማይዝ እስኪሆን ታገሥ፤ ከዚያም አስተካክለህ ግጠም፤ አንዴ ከተገናኘ ማረም የለም።

የጀሪካን ፕላስቲክ ግን አብዛኛውን ማጣበቂያ አይቀበልምና በምስማር ያዘው። የማስቲሽ ሽታ አእምሮን ይጎዳልና መስኮት ከፍተህ ሥራ። ቸኩሎ ያጣበቀ፣ በኤግዚቢሽኑ ቀን መስኮት ሲለቅም ይውላል።