ባለቤቱን አስወጥቶ ቤት ጠባቂ!

ሰቆጣ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ረሃብ ነው። በ2007 የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባው ቃል ሳይቀር በስሟ ተጠርቷል፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። እሰየው! ግን ከዚችው ከተማ አጠገብ ስላለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ስንቱ ሹም ሰምቶ ያውቃል?

መስቀለ ክርስቶስ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት የሚቆጥሩት የዋግሹሞች ደረቅ አስከሬን በውስጡ አለ። እስከ ዛሬ ማን ጠበቀው? ባለሚሊዮን ብር ፕሮጀክት ነው? ኧረ ወዲያ! የሚቀድሱበት ካህናትና የደብሩ ሰዎች ናቸው።

ይህን ማንሳታችን ያለ ነገር አይደለም። ጎረቤቱ ላስታ የደረሰበትን አይተናል።

ላሊበላ ላይ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የላስታ ቤቶች ነበሩ። በቀይ ድንጋይ የተገነቡ፣ ክብ፣ ባለ ሁለት ፎቅ፤ የዓለም ቅርስ መዝገብ እንኳ በስማቸው ይጠራቸዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቅርሱ ይጠበቅ ተብሎ ነዋሪው ተነሥቶ ኩራኩር ሰፈረ። ጥቂት ቤቶች ለመታሰቢያ ቀሩ። እንግዲህ የሣር ክዳን ያለው ቤት ምን እንደሚያቆየው የላስታ እናቶች ያውቁታል፤ የምድጃው ጭስ ነው። ጭሱ ምስጡንና ነቀዙን ያርቃል፣ ሣሩን ያደርቃል። እሳት የማይነድበት ቤት ክዳኑ ይበሰብሳል፣ ዝናቡ ጭቃውን ያጥባል፣ ከዚያ ግድግዳው ይዘማል። ይህን ለማወቅ አማካሪ መቅጠር ያስፈልጋል?

በ2000 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከለው የብረት መጠለያም እንዲሁ ነው። ለጊዜው ተብሎ ቆመ፣ ጊዜው አላልቅ አለ። በ2011 የላሊበላ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ብረቱ አብያተ ክርስቲያናቱን ያሰጋቸዋል ብሎ ጮኸ። ያን ጩኸት ከመትከሉ በፊት ጠይቀው ቢሰሙት ምን ነበረበት?

የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቅርሱን የመንከባከብ ግዴታ የጣለው በባለቤቱ ላይ ነው። ግዴታው የባለቤቱ ከሆነ ምክሩስ ለምን የባለቤቱ አይሆንም?

ነገ ፕሮጀክት ተብዬው ዋግ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠሩት የደብሩ አለቃና የአገሬው ድንጋይ ገንቢዎች ይሁኑ። ጥናቱ አልቆ፣ ገንዘቡ ተበጅቶ፣ ሪባን ሲቆረጥ እንዲያጨበጭቡ ብቻ አይጠሩ።