ቡዳው የጠራው ስም

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ይፋግ ላይ አንዲት ሴትዮ ከገበያ አባርሬአለሁ። በዱላ አይደለም፣ በአንዲት ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም አልፏል፣ ርብ ወንዝ ሜዳው ላይ ያስተኛው ውሃ ግን ገና አልደረቀም። አተኮሰኝ፣ አንቀጠቀጠኝ፣ ማታ ላይ መቃዠት ጀመርኩ። ቤታችን በዘመድ ሞላ። አንዷ «ይሄ ልጅ ተበልቷል» አለች። ጋቢ አከናንበው ጊዜዋ አጨሱብኝና ጥያቄው ቀጠለ፤ «ማን ነህ? ከየት አገኘኸው? ምን ሲበላ አየኸው?» ዝም አልኩ። ጭሱ ባሰ። ከዚያ አንዷ ዘመዳችን «እገሊት ናት አይደል? ያቺ ጀበና ሻጯ?» አለች። «አዎ» አልኩ። አዎ ያልኩት ጭሱ እንዲቆምልኝ ነው። ቆመልኝም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ተወሰድኩ። ደሜ ታየ፣ ወባ ነው ተባለ፣ መድኃኒቱን ዋጥኩ፣ በሳምንቱ ኳስ ሜዳ ነበርኩ። የሴትዮዋ ነገር ግን በኪኒን የሚድን አልሆነም። በገበያ ቀን ፊቷ የተደረደረውን ጀበናና ድስት ሰው በሩቁ እያየ ያልፍ ጀመር። እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር የሚያልፉት። ጥቂት ቆይቶ ወደ ሌላ ገበያ ሄደች ተባለ። ማንም እሷን አልጠየቃትም። እኔንም ቢሆን ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም፤ ነገሩ ያለቀለት ነበራ!

ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን ስለ ዜና ምንጭ ሲያስተምሩን ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ምንጩ ማን ነው? እንዴት አወቀ? የተወነጀለው ሰውስ ምን ይላል? ክፍሉ ማስታወሻ ሲይዝ እኔ ደብተሬ ላይ ጀበና ስዬ ቁጭ አልኩ።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳገላብጥ ያገኘሁት የፈረንሳይ ታሪክ ደግሞ ይባስ አስደነገጠኝ። (ዓመቶቹ የፈረንጆች ናቸው።) ሉዳን በምትባል ከተማ በ1632 ወረርሽኝ ብዙ ሰው ጨረሰ። በዚያው ዓመት በአንድ የሴቶች ገዳም ያሉ መነኮሳት ይጮኹ፣ ይንፈራገጡ ጀመር፤ ጋኔን ገብቶባቸዋል ተባለ። ጋኔኖቹ «ማን ላከህ?» ተብለው ሲጠየቁ የጠሩት የከተማውን ቄስ ኡርባን ግራንዲዬን ነው። ቄሱ ንግግር አዋቂ፣ ጠላቱም የበዛ ሰው ነበር። አስወጪዎቹ «በእግዚአብሔር ስም የታዘዘ ጋኔን እውነት ለመናገር ይገደዳል» ብለው ተከራከሩ። ሰይጣን ምስክር ሆኖ ቀረበ ማለት ነው እንግዲህ! ቄሱ ነሐሴ 1634 ከነሕይወቱ ተቃጠለ። ጋኔኖቹ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሲጮኹ ኖሩ። እኔን ያስቆመኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። የጠሩት ሰው አመድ ከሆነ በኋላ ማን ነው የሚጮኸው?

በአውሮፓ ከ15ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን በጥንቆላ ተወንጅለው የተገደሉት ከ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ ይገመታሉ፣ ብዙዎቹም ሴቶች ናቸው። በአሜሪካዋ ሳሌም በፈረንጆቹ 1692 ሃያ ሰዎች ተገድለዋል። እዚያ ፍርድ ቤቱ የሕመምተኞቹን ራእይ እንደ ማስረጃ ይቀበል ነበር። በቀጣዩ ዓመት አዲሱ ፍርድ ቤት ይህን ማስረጃ አልቀበልም ሲል ተከሳሾቹ ከጥቂቶች በቀር ነፃ ወጡ። ሕዝቡ በአንድ ክረምት ማመኑን አልተወም፤ የተለወጠው የማስረጃው ደንብ ነው።

«እኛ ማንን አቃጠልን?» የሚል ጓደኛ አለኝ። እውነቱን ነው፣ የእኛ እሳት አልነደደም። የእኛ ቅጣት ሌላ ነው። አይጋቡትም፣ አብረውት አይበሉም፣ ሲያልፍ ልጅ ይሸሸጋል። ይህም ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፣ ምክንያቱም ቡዳ በዘር ይቆጠራል። በእኛ አካባቢ ይህን ስም የተሸከሙት እነማን እንደሆኑ ሁላችን እናውቃለን፤ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤተ እስራኤል። ርስት የተከለከለ ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል፤ ገበሬው ማረሻና ድስት ከእሱ ይገዛል፣ ማታ ደግሞ ጅብ ሆኖ ይወጣል ብሎ ይፈራዋል። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ይህንኑ ጽፏል፤ ቡዳውም ቀጥቃጭ፣ ጅቡም ያው ጅብ ነው።

እኔን ግን የሚገርመኝ ደብረ ታቦር ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከዚህ እልፍ ብሎ ጋፋት ላይ የብረት ሥራ አቋቁመው፣ ከፈረንጆቹ ሠራተኞች ጋር ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠርተው እስከ መቅደላ አስጎትተዋል። ዛሬም በሱ እንኮራለን። በሠፈር ማረሻ የሚስለውን ሰውዬ ግን ልጃችን ዓይኑን እንዳያይ እንከለክላለን። አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ አንድ ዓመት ይታሰር ብለው አውጀው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ የኔ ዘመዶች ግን አልሰሙም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በረሩ። ከጎንደር ገጠርም የሚበዙት ሄዱ። ቡዳ ያልናቸው ከሄዱ በኋላ እኛ መታመም ተውን? በ1997 ዓ.ም. በዚሁ በሊቦ ከምከም ሰው እየከሳ፣ ሆዱ እየተነፋ ይሞት ነበር። መጀመሪያ ወባ ተጠረጠረ፣ በግንቦት ወር ግን ካላ አዛር መሆኑ ታወቀ። አዲስ ዘመን ላይ ሕክምናው ተከፍቶ በሁለት ዓመት ተኩል ከ2 ሺህ በላይ ሰው ታከመበት። እኔ ያኔ ጨቅላ ነበርኩ፤ አክስቴ ስትነግረኝ ግን «ያኔ ስንቱን በሉት!» ብላ ነው የምትጀምረው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ኢምንት ነፍሳት ናት። የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ጀበና አትሸጥም።

እዚህ ላይ «እምነት አትንካ» የሚለኝ አይጠፋም። አልነካሁም። እናቴ ጠበል ስትወስደኝ እሄዳለሁ፣ ነገም እሄዳለሁ። የታመመ ሰው ይጸለይለት፣ ይጠመቅ። ጥያቄዬ ጸሎቱን አይመለከትም፤ ከጸሎቱ በኋላ የሚጠራውን የጎረቤት ስም ነው። ሰይጣን ውሸታም መሆኑን ወንጌል ያስተምረናል። ታዲያ የጎረቤታችንን ስም ሲጠራልን ጊዜ በምን ሒሳብ ነው የምናምነው?

ይህን በዚህ ቡለቲን ላይ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘንድሮ ጭሱ ከጓዳ ወጥቶ ዩቲዩብ ላይ ነው። የታመመች ልጅ ፊቷ ሳይሸፈን ትቀረጻለች፣ ማይክራፎን ይቀርብላታል፣ «ማን ነው የላከህ?» ትባላለች፣ አክስቷን ወይም የእንጀራ እናቷን ትጠራለች፣ ቪዲዮው ይለቀቃል። አክስቲቱን ማን ጠየቃት? ከእኛ መካከል ነገ በሬዲዮ ጣቢያ፣ በቴሌቪዥን፣ በራሱ ቻናል የሚሠራ አለ። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲመጣለት «ተመልካች አለው» ብሎ እንዳይለቀው ነው የምለምነው። ቢያንስ ስሙ ይቆረጥ፣ የልጅቱ ፊት ይሸፈን። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ካለ እደግፋለሁ፣ እኔ ግን ከዚህ በታች አልወርድም። ክፍላችንም በሥነ ምግባር ኮርሱ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው ምናለበት?

ጥምቀት ላይ ቤተሰብ ጥየቃ ሄጄ ሴትዮዋን ገበያ ላይ አየኋት፤ ተመልሳ መጥታለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ጎንበስ ብዬ አንድ ጀበና አነሳሁ።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ዝም ብላ ትንሽ አየችኝና፣

«ወይ! አደግህ ልጄ?» አለች።

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ከኋላዬ ሰው ነበር፣ ደግሞ ከየት ይጀመራል? «ስንት ነው እማማ?» አልኩ። ዋጋውን ነገረችኝ፣ ከፈልኩ፣ ጀበናውን በጭድ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቤት ስደርስ እናቴ ከማን እንደገዛሁ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጀበናው እስካሁን ቡና አልፈላበትም፣ መደርደሪያው ላይ አፉን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል።