“ያቆማል እኮ!”

አርብ ጠዋት በአሽዶድ፣ የሰፈራችን የሮቫ ዩድ የመኪና ማቆሚያ ግማሹ ጋራዥ ነው። ቤት ውስጥ የሰንበት ዳቦ ሲጋገር፣ ውጪ ኮፈን ይከፈታል፣ ክሪክ ይተከላል። በቅርቡ አንድ የሰፈራችን ወጣት አሮጌ ሱዙኪ ሳሙራይ ገዝቶ ሲያሳምር አየሁት። ጎማዎቹ ትልልቅ ሆነዋል፣ ባሌስትራው ከፍ ተደርጓል፣ ጣሪያው ላይ መብራት ተደርድሯል። ጎንበስ ብዬ ከፊት ጎማው ጀርባ ስመለከት ግን የፍሬኑ የጎማ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ላዩም ተሰነጣጥቋል።

“ልጄ፣ ይሄን መቼ ቀየርከው?”

“ኧረ ጋሼ፣ ያቆማል እኮ!”

ይህቺን መልስ ስንቶቻችን ሰጥተናል? መኪና ከፍ ሲደረግ አክሱሉ ከሻንሲው ይርቃል፤ ቱቦው ግን አብሮ አያድግም። ልጁ ለመብራቱ ያወጣው ገንዘብ ለቱቦዎቹ ተርፎ ይበቃ ነበር። ብዙዎቹ አሮጌ ጂፖች ያሏቸው ሦስት ወይም አራት ቱቦ ነው፤ ከፊት ለየጎማው፣ ከኋላ ደግሞ ከሻንሲ ወደ አክሱል የሚወርደው። መብራቱን ሰው ያየዋል፣ ቱቦውን ማን ያያል?

የውጪው ስንጥቅ እንኳ ደግ ነው፤ ቢያንስ ይታያል። ክፉው የውስጠኛው ጎማ ማበጥ ነው። ሲያብጥ ቀዳዳው ይጠብባል። ፔዳሉን ስንረግጥ ግፊቱ የፍሬን ዘይቱን አስገድዶ ያሳልፈዋል፤ እግራችንን ስናነሳ ግን ዘይቱን በቶሎ የሚመልስ ያን ያህል ጉልበት የለም። ካሊፐሩ እንደነከሰ ይቀራል፣ ቸርኬው ይግላል፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። ባለመኪናው ሸራ ይቀይራል፣ ካሊፐር ይቀይራል፤ ጥፋተኛው ቱቦ ግን እዚያው ተንጠልጥሎ ይከርማል።

“ቴስት (የመኪና ምርመራውን) አልፏል” የሚለኝም አለ። ቴስት የሚናገረው ስለዚያች ቀን ነው። ለስግድ በዓል ኢየሩሳሌም ወጥተን ስንመለስ፣ ከ800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ሻዓር ሃጋይ ያለውን ቁልቁለት ቤተሰብ ጭኖ የሚወርደውን አሮጌ ጂፕ አስቡት። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቻል አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። የነከሰ ካሊፐር ያጋለው አሮጌ ዘይት ከፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ከፊት ያለው መኪና ውስጥ ያሉት ልጆች ደግሞ የማን ናቸው? “መኪናው የራሴ ነው” ማለት እዚህ ላይ አይሠራም።

ሥራው ራሱ አይከብድም፤ የሚከብደው ዝገቱ ነው። የአሽዶድ አየር ጨው ያዘለ ስለሆነ ቧንቧውን ከቱቦው የሚያገናኘው ዳዶ ይነክሳል። በተራ ቁልፍ ከታገሉት ጎኑ ይላጫል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭቶ ማሳደር፣ ከዚያ ዳዶውን ዙሪያውን በሚያቅፍ የቧንቧ ቁልፍ መፍታት ነው። ቱቦውን በፒንሳ ጨምቆ ዘይት ማቆም፣ ካሊፐሩንም በቱቦው ማንጠልጠል የውስጡን ጎማ ይጎዳል፤ ሁለቱንም እዚሁ ሰፈር በዓይኔ አይቻለሁ። የመዳብ ራንዴላዎቹ በአዲስ ይተኩ። ከታሰረ በኋላ መሪውን ከጫፍ ጫፍ አዙሮ፣ መኪናውንም በሻንሲው አንስቶ ጎማዎቹ ሲንጠለጠሉ ቱቦው እንዳይወጠርና እንዳይጠመዘዝ ማየት ያስፈልጋል። ከፍ ለተደረገ መኪና ረዘም ያለ ቱቦ ይጠየቃል። ሲገዛም ላዩ ላይ የታተመውን የተሠራበትን ወርና ዓመት ማንበብ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማም ያው ያረጀ ነው።

አየሩን ለማስወጣት አብዛኛውን ጊዜ ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ አንዱ ከታች ይከፍታል ይዘጋል። ለዚህ ጎረቤት ይጠራል፤ እኛ ሰፈር ደግሞ እንቢ የሚል የለም። እንዲህ የምንረዳዳውን ያህል ደፍረን ብንነጋገር ምን ነበረበት? የሚረግጠው ሰው ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሲለሰልስበት ከማንም በፊት ያውቃል፤ ግን “ምን ይሉኝ ይሆን?” ብሎ ዝም ይላል። እጁ ያልተፍታታ ደግሞ ፈቃድ ወዳለው ጋራዥ ይውሰደው፤ ፍሬን መለማመጃ አይደለም።

ከመኪናው የወጣው አሮጌ ዘይት ነገርም አለ። አስፋልቱ ላይ ሲደፋ አይቻለሁ፤ ቀለም የሚልጥ ፈሳሽ፣ ሕፃናት ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ላይ። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አጠራቅሞ ያገለገለ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ መስጠት ይቻላል፤ ከሞተር ዘይት ጋር ግን አይቀላቀልም፣ ለብቻው ይያዝ።