እሳትም አየር ይሻል



ከሰል የተያያዘበትን ማንደጃ በተዘጋ ቤት አኑሮ መተኛት አደገኛ መሆኑን ከእናቶቻችን ተምረናል። በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን፣ ቤታቸውን የሚያሞቀው እሳት በምድር ቤት ወይም በጠባብ ጓዳ ተሰውሮ ስለሚነድ፣ ይህ ምክር እነርሱን የሚመለከት ላይመስላቸው ይችላል። የብርድ ወራት ሲደርስ የጓዳውን በር መተንፈሻ «ነፋስ አስገባብን» ብሎ በካርቶን የሚደፍን አባወራ ለልጆቹ ያሰበ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የደፈነው የእሳቱን እስትንፋስ ነው።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። አንድ እጅ የተፈጥሮ ጋዝ ፈጽሞ እንዲነድ 10 እጅ ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ሲያንስ ጋዙ በሙሉ አይቃጠልምና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የነቃውን ሰው ራሱን ያሳምመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ የተኛውን ግን ሳያነቃው ሊገድለው ይችላል።

በዚያ አገር የጋዝ ደንብ የተለመደው ስሌት፣ በሰዓት ለሚነድ ለእያንዳንዱ 1,000 ቢቲዩ 50 ኪዩቢክ ጫማ የሚሆን የቤት ስፋት ይጠይቃል። ልኩ በዕቃው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለምሳሌ የቤት ማሞቂያው 80,000፣ የውሃ ማሞቂያው 40,000 ቢቲዩ ቢሆን፣ በድምሩ 6,000 ኪዩቢክ ጫማ ያሻል፤ ይህም ጣሪያው 8 ጫማ ሆኖ፣ ወለሉ 25 በ30 ጫማ የሆነ ቤት ማለት ነው። ጠባብ ጓዳ ይህን አይችልም። ስለዚህ ከሰፊው የቤት ክፍል ጋር የሚያገናኙ ሁለት መተንፈሻዎች ይበጁለታል፤ አንዱ ከጣሪያው በ12 ኢንች ውስጥ፣ ሌላው ከወለሉ በ12 ኢንች ውስጥ። የእያንዳንዱ ክፍተት ለ1,000 ቢቲዩ 1 ካሬ ኢንች ሲሆን፣ ከ100 ካሬ ኢንች ማነስ አይገባውም። በምሳሌያችን እያንዳንዱ 120 ካሬ ኢንች ይሆናል፤ የፍርግርጉ ዘንግ የሚጋርደው አይቆጠርም።

ደግሞም ቀዳዳው ሁሉ በተደፈነ ቤት ውስጥ የልብስ ማድረቂያውና የወጥ ቤቱ አየር ማውጫ አብረው ሲሠሩ፣ የቤቱን አየር ስበው ጭሱን ከጭስ ማውጫው ወደ ውስጥ ሊመልሱት ይችላሉ። አየሩን በቧንቧ ከውጭ የሚስበው አዲሱ ዓይነት ማሞቂያ ከዚህ ስሌት ነጻ ነው፤ ይሁን እንጂ የቧንቧው አፍ በበረዶ እንዳይደፈን መጠበቅ ይገባል።

እንግዲህ መተንፈሻውን በሣጥንና በልብስ አትጋርዱ። ልኩን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይመርምረው። የመርዙን ማስጠንቀቂያ ደወል በየፎቁ፣ በመኝታ ክፍሎች አጠገብ ስቀሉ። ደወሉ ከጮኸ አስቀድማችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ከዚያ በኋላ ከደጅ ሆናችሁ ወደ 911 ደውሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና፣ ዛሬውኑ ወርዳችሁ የጓዳውን በር ተመልከቱ።