ፏፏቴውን አውርዱልን!

ከመኢሶ ሽቅብ ወጥታችሁ ጭሮ ስትደርሱ ፊት ለፊት ያገኛችሁት ሆቴል ግቡ። ግድግዳው ላይ ፏፏቴ አለ። ካናዳ ይሁን ስዊዘርላንድ ያልለየለት፣ ጥግ ጥጉ የተላጠ ፖስተር። ፏፏቴ ካልሆነ ቡርጅ ኸሊፋ ነው፤ እሱም ካልሆነ የቢራ ማስታወቂያ። መስኮቱን ብትከፍቱት የጨርጨር ተራራ ቆሞ ያያችኋል። የአገሬው ልጅ የሣለው አንድ ሥዕል ግን እኛ በገባንባቸው ቤቶች ፈልገን አጣን። ሂርናም ያው፣ ገለምሶም ያው፣ መሰላም ያው። በበኩላችን አንገሽግሾናል!

ነገሩን የቀሰቀሱብን የአዲስ አበባ ወዳጆቻችን ናቸው። አመሻሽ ላይ ጋለሪ ይገባሉ፣ ከዚያ መንገድ ተሻግረው ኮክቴል። መጥተው ሲያወሩልን ጨረቃ ላይ ደርሰው የተመለሱ ነው የሚመስሉት።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የዚያ ምሽት ግማሹ ያስቃል። ወይን የያዘው ሰው ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ስለ መኪና ዋጋ ያወራል። ሠዓሊው ድንገት ሲመጣበት ዞር ይልና «ቀለሙ ደስ ይላል» ይላል። ሠዓሊውም «አመሰግናለሁ» ይላል። አለቀ! ለዚህ ብሎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚቀና ሰው ሥራ የፈታ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ቁም ነገር አለው። ሥዕል በሥራ ሰዓት ተከፍቶ በሥራ ሰዓት የሚዘጋበት ከሆነ፣ ቀን የሚሠራው ሰው መቼ ይየው? ካዛንቺስ የነበረውን ፈንድቃን አስቡት። አዝማሪ ቤት ነበር። ዳንሰኛው መላኩ በላይ ከተረከበው በኋላ ውሎ አድሮ ጋለሪ ጨመረበት፤ ለእስክስታና ለቢራ የገባው ሰው ሳያስበው ሥዕል ፊት ይቆም ነበር። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ግቢው ለኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ የፈረሰው ግን ቤቱ ነው እንጂ ሐሳቡ አይደለም። ቦሌ መንገድ ላይም ማኩሽ ሥዕልና ምግብ አንድ ጣሪያ ሥር ያቀርብ ነበር። ኬፕታውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የመሃል ከተማ ጋለሪዎች በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ማምሸት ጀመሩ፤ ሰዉም ከጋለሪ ባር፣ ከባር ጋለሪ በእግሩ ይዞር ጀመር።

«እናንተ ጋ አይሠራም፤ ጭሮ በርጫ እንጂ ጋለሪ የት ያውቃል?» ይሉናል። እሺ፣ ስለ በርጫ እናውራ። ከምሳ በኋላ ይጀመራል። ወሬው ይደራል፣ ሳቁ ይደራል፣ ከዚያ ምርቃናው ይመጣና ቤቱ ጸጥ ይላል። በዚያች ሰዓት ስንት ፎቅ ተሠርቷል! ስንት ሲኖትራክ ከውጭ ገብቷል! ሲመሽ ጨብሲው ይከተላል፤ ፎቁም በቢራ ይፈርሳል። ቃሙ እያልን አይደለም፤ የሚቅም እንዳለ ግን የማያውቅ የለም። እና እንጠይቃችሁ፦ በምርቃና ዝም ያለ ሰው ምን ላይ ነው የሚያፈጠው? ግድግዳ ላይ! ያውም ለሰዓታት! ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የገባ ቱሪስት ሞና ሊዛ ፊት የዚህን ሩብ አይቆምም። እንዲህ ያለ ታጋሽ ተመልካች የታደለ አገር ነው ያለን። እኛ ያቀረብንለት ግን የካናዳ ፏፏቴ ነው።

አንዱ ወዳጃችን ቆጣ ብሎ «ሥዕል ብላችሁ ልጆቹን መጠጥ ቤት ልታስለምዱ ነው» አለን። ቁጣው ተገቢ ነው። በእኛ ቀዬ የማይጠጣው ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ የአዲስ አበባን ኮክቴል እንዳለ መቅዳት አያዋጣንም። ሥዕሉ ጁስ ቤትም ይሰቀላል፤ ከስፕሪስ የበለጠ ኮክቴል ከየት ይመጣል? ሻይ ቤትም ይሰቀላል። ሶፊ የሚጠጣውም ቢራ የሚጠጣውም አንድ ሥዕል ማየት ይችላሉ።

የሰው ምስል ቤቴ አይሰቀልም የሚል ካለም መብቱ ነው። ግን ሐረር ጎራ ይበል። የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌትና በሳህን አጊጦ ታገኙታላችሁ፤ ሰዉ ከሥሩ መደብ ላይ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል፣ ይጨዋወታል። ጋለሪው ሳሎኑ ነው። «ይሄ የፈረንጅ ሐሳብ ነው» የምትሉ፣ እስቲ አሁን ምን ትሉ?

ደግሞ ይህን ከተማ ማን ያስተዳድረው እንደነበር የረሳችሁ ትመስላላችሁ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ጊዜ መቀመጫቸው አሰበ ተፈሪ ነበር። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት፣ በ1910ዎቹ መጀመሪያ፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጽፈዋል። የት ታየ? ቤተ መንግሥት? አይደለም። ትምህርት ቤት? አይደለም። አዲስ አበባ፣ ቴራስ ሆቴል! መኳንንቱ ሆቴል ገብተው አውሬዎች በአማርኛ ሲሸነቁጧቸው አዩ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ። ያስቆጣቸው የተባለው ነገር ነው እንጂ የሆቴሉ ወንበር አይደለም። እሳቸው ጥበብን ሆቴል ካስገቡ መቶ ዓመት አለፈ። የእሳቸው ከተማ ሆቴሎች ፏፏቴ ሰቅለው ተቀምጠዋል።

ገብረ ክርስቶስ ደስታም የዚሁ ምድር ልጅ ነው። በ1924 ዓ.ም. ሐረር ተወለደ፣ በ1973 በስደት አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ሞተ። ጀርመን አገር ቆይተው የተመለሱት ሥዕሎቹ በ2000 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ በስሙ በተከፈተው ማዕከል ገቡ። የሐረርጌ ልጅ የሐረርጌን ሠዓሊ ለማየት አውቶቡስ ተሳፍሮ አዋሽን መሻገር አለበት። ይህ አያናድድም?

«ሠዓሊ የት አለና!» አትበሉን። ፀጉር ቤቱ በር ላይ ያንን ሁሉ ጭንቅላት የሣለው ማን ነው? የሻይ ቤቱን ጀበና፣ የጎሚስታውን ጎማ ማን ሣለው? ባነር ማተሚያ መጥቶ እንጀራቸውን ነጠቃቸው፤ እጃቸውን ግን አልነጠቀም። ክረምት ላይ ከአዲስ አበባው የአለ ሥነ ጥበባት ትምህርት ቤት ሸራውን ጠቅልሎ የሚመጣም አይጠፋም። ሸራው አልጋ ሥር ይገባል፣ እስከ መስከረም እዚያው ይከርማል። ቤተሰብ «ይህን ተምረህ ምን ልትበላ ነው?» ሲለው መልስ ያጣል። ምን ይመልስ? ሥዕሉን ሊገዛ የሚችል ሰው አይቶት አያውቅማ።

ስለዚህ ባለ ሆቴሎች ሆይ፣ ሕንፃ ሥሩልን አላልንም። በጀት እስኪለቀቅ፣ ሪባን እስኪቆረጥም አንጠብቅም። አንድ ግድግዳና በወር አንድ ማታ ስጡን። ቅዳሜ አይሁን፣ ኳስ አለ፤ ሐሙስ ይሁን። አንድ አምፖል ወደ ሥዕሉ ይዙር፣ ቴሌቪዥኑ ለሁለት ሰዓት ድምፁ ይቀነስ። ከሥዕሉ ሥር የሠዓሊው ስም፣ ዋጋውና ስልኩ ይጻፍ። ሥዕሉ ከተሸጠ ገንዘቡ የሠዓሊው ነው፤ የእናንተ ትርፍ ብርጭቆው ውስጥ አለ።

ይህን ይዘን አንድ ባለ ሆቴል ዘንድ ሄድን። «ሥዕሉ ስንት ቢራ ይሸጥልኛል?» አሉን። «ጋሼ፣ ፏፏቴው እስከ ዛሬ ስንት ሸጠልዎት?» አልናቸው። ቀና ብለው አዩት። ሳቁና «ሚስማሩን ግን እናንተው ታመጣላችሁ» አሉ።

ሚስማሩ ተገዝቷል። ሥዕል ያላችሁ ብቅ በሉ።